ሁለት ሦስተኛው ካለቀ በኋላ ያሉት ቀናት

ጅማ፣ መርካቶ አካባቢ ጀበና ቡና የምታፈላ ደንበኛ አለችኝ። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ እትዬ ነው የምላት። ከረከቦቷ በስተጀርባ ግድግዳው ላይ ሁለት የባንክ ካላንደር ተደራርቦ ተሰቅሏል። የ2016 እና የ2017 ናቸው። ዓመቶቹ አልፈዋል፤ እሷ ግን አላወረደቻቸውም።

በ2016ቱ ላይ ሐምሌ 12 በቀይ እስክሪብቶ ተከቧል። ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት አንድ በአንድ ተሰርዘዋል። ሐምሌ እስከ መጨረሻው፣ ነሐሴ ሙሉውን፣ ጳጉሜንም አልቀረችም። መስመሩ ወደ 2017ቱ ይሻገርና ጥር 9 ላይ ይቆማል። አንድ ቀን ቡናው እስኪፈላ ቆጠርኩት። 182 መስመር ነው።

ሐምሌ 12 ታናሽ ወንድሟ ከተፈረደበት 6 ዓመት ሁለት ሦስተኛውን የጨረሰበት ቀን ነው። ጥር 9 የወጣበት ቀን ነው። በመካከል ያሉትን 182 ቀናት እሷ እዚህ ቁጭ ብላ ስትሰርዝ፣ እሱ እዚያ ሆኖ ይጠብቅ ነበር። ለምን እንደቆየ የሚገልጽ አንድም ወረቀት አልተሰጣቸውም። አልተከለከለም። አልተፈቀደለትምም።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለነዚህ ቀናት ነው። እስረኛው ለአመክሮ፣ ማለትም ቅጣቱን ሳይጨርስ በፍርድ ቤት ፈቃድ ለመፈታት፣ ብቁ ከሚሆንበት ቀን እስከሚወጣበት ቀን ድረስ ስላለው ጊዜ። በየቤቱ ይቆጠራል፤ በየካላንደሩ ይሰረዛል። በመንግሥት መዝገብ ላይ ግን ራሱን የቻለ ስም እንኳ የለውም።

መጀመሪያ ሕጉን እንየው። አሁን የምንሠራበት የወንጀል ሕግ አዋጅ ቁጥር 414/1996 ነው። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ጀምሮ ይሠራበታል። አንቀጽ 202 ስለ አመክሮ ይናገራል። እስረኛው ከተፈረደበት እስራት ሁለት ሦስተኛውን ከጨረሰ፣ ወይም ዕድሜ ልክ ከሆነ 20 ዓመት ከታሰረ፣ ፍርድ ቤቱ በአመክሮ እንዲፈታ ሊያዝ ይችላል። ጥያቄውን ማረሚያ ቤቱ ሊያቀርብ ይችላል። እስረኛው ራሱም ማመልከት ይችላል። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ብዙ ሰው አያውቃትም፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

ቅድመ ሁኔታዎችም አሉ። እስረኛው በሥራውና በጠባዩ መሻሻሉን ማሳየት አለበት። ያደረሰውን ጉዳት አቅሙ በፈቀደ መጠን መካስ አለበት። ከወጣም በኋላ በመልካም ጠባይ ይኖራል ተብሎ የሚታመን መሆን አለበት። እነዚህ ሲሟሉ ይወጣል፤ ሲወጣ ግን ነፃ ተብሎ አይደለም። የሚፈተንበት ጊዜ ይወሰንለታል፤ ግዴታ ይጣልበታል። ከጣሰ ይመለሳል።

ስሌቱ ቀላል ነው። 3 ዓመት የተፈረደበት 2 ዓመት ላይ ይደርሳል። 9 ዓመት የተፈረደበት 6 ላይ። ጽኑ እስራት በዓመት ሲቆጠር ጣሪያው 25 ነው፤ የእሱ ሁለት ሦስተኛ 16 ዓመት ከ8 ወር ይሆናል። ከፍርድ በፊት በቀጠሮ የታሰረበት ጊዜም ይታሰብለታል። የባለ ቡናዋ ወንድም የተያዘው ሐምሌ 12 ቀን 2012 ነበር። 4 ዓመት ቁጠሩ። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ይመጣል። ይህን ለማስላት ጠበቃ አያስፈልግም። እሷ ትምህርቷን ከ6ኛ ክፍል ነው ያቋረጠችው፤ ፍርዱ በተሰጠ ዕለት ማታ አስልታ ጨርሳለች።

አንድ የሕግ ባለሙያ ወዳጅ አለኝ። ስለነዚህ 182 ቀናት ስነግረው እንዲህ አለኝ። «ፍርዱ 6 ዓመት ነው። 4 ዓመት ከ6 ወር ታስሮ ከወጣ አንድም ቀን አልተጨመረበትም። እንዲያውም ተቀንሶለታል።» በሕግ ቋንቋ ልክ ነው። አንቀጹ «ይችላል» ነው የሚለው፤ «ይፈታል» አይልም። አመክሮ እንደ ደመወዝ ቀኑ ሲደርስ የሚከፈል ነገር አይደለም።

እኔም ይህን አልክድም። ግን «ይችላል» የሚለው ቃል የተጻፈው ለዳኛው ነው። ዳኛው ጉዳዩን አይቶ፣ መዝኖ፣ ይውጣ ወይም ይቆይ እንዲል ነው። እነዚያን 182 ቀናት ግን ማንም አልመዘናቸውም። ወረቀቱ ዳኛው ፊት አልደረሰም። ዳኛ «ይቆይ» ካለ ፍርድ ነው፤ ቅር ቢለንም እንቀበለዋለን። ፋይል ስላልተላከ የቆየ ሰው ግን የቆየው በማን ውሳኔ ነው?

ቃሉ ራሱ ብዙ ይናገራል። አመክሮ የግእዝ ቃል ነው። መፈተን፣ መሞከር ማለት ነው። ሙከራ እና መከራ የሚሉት ቃላት ዘመዶቹ ናቸው። ገዳም የገባ ሰውም ከመመንኮሱ በፊት አመክሮ ይቆያል፤ ውኃ እየቀዳ፣ እንጨት እየሰበረ፣ አበው እያዩት። ሁለቱም ጋ ሐሳቡ አንድ ነው። የሚፈተነውን ሰው የሚያይ ዓይን አለ፤ ፈተናውም ማብቂያ አለው። ማንም የማያየው ሰው እየተፈተነ አይደለም፤ እየጠበቀ ብቻ ነው።

ሐሳቡ ወደ ሕጋችን የገባው ደግሞ ዛሬ አይደለም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ነበረው። ያንን ሕግ ያረቀቁት የስዊዘርላንዱ ሊቅ ዣን ግራቨን ናቸው፤ የሁለት ሦስተኛው ልክ በስዊዘርላንድ ሕግም የታወቀ ነው። የስልሳ ምናምን ዓመት ዕድሜ ያለው ሥርዓት ነው ማለት ነው። አዲስ ስለሆነ ነው የሚንገዳገደው ማለት አይቻልም።

አሁን ወደ ጅማ ልመለስ። ፋይሉ የት ይቆያል?

ወንድምየው የታሰረው በጠብ ነው። አጋሮ በኩል ባለው መሬታቸው ድንበር ላይ ከጎረቤት ጋር ተጣላ፤ ሰውየውን ክፉኛ ጎዳው። ጥፋቱን አልካደም፤ እህቱም አትክድም። «ልጁ አጥፍቷል» ነው የምትለው ገና ስትጀምር። እስር ቤት እያለ ከአንዱ ማረሚያ ቤት ወደ ሌላው ተዛወረ። ፋይሉ መንከራተት የጀመረው ያኔ ነው። የመጀመሪያው ቤት የጻፈለት የጠባይ መግለጫ አብሮት አልመጣም። የፍርዱ ግልባጭ አለ ተባለ፤ ኋላ የለም ተባለ። እህቱ ግልባጩን ፍርድ ከሰጠው ፍርድ ቤት ራሷ አውጥታ፣ ማኅተም አስመትታ ወሰደች። ለዚህ ብቻ ሦስት ቀን ቡና አልፈላም።

ከዚያ ነሐሴ ገባ። ነሐሴና መስከረም ፍርድ ቤት የሚዘጋበት ወቅት ነው። ተረኛ ችሎት አለ፤ ግን ለአስቸኳይ ጉዳይ ነው። ለአራት ዓመት የታሰረ ሰው አመክሮ አስቸኳይ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። የጅማን ነሐሴ የሚያውቅ ያውቀዋል። ዝናቡ አያባራም፤ አዌቱ ሞልቶ ይፈሳል፤ መንገዱ ጭቃ ነው። እሷ በዚያ ዝናብ ስንቅ ይዛ ለጥየቃ ስትሄድ፣ በየሳምንቱ የምትሰማው መልስ «ችሎት ሲከፈት» የሚል ነበር።

ችሎት ሲከፈት ደግሞ የካሳው ነገር መጣ። ሕጉ «አቅሙ በፈቀደ መጠን» ይላል። በተግባር ግን ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ሙሉ የከፈለበት ደረሰኝ ወይም የዕርቅ ሰነድ ነው። እዚህ ላይ ዕርቅን አላጣጥልም። እኛ አገር፣ በተለይ በኦሮሞ ሽማግሌዎች ዘንድ፣ ከጉማ ጀምሮ ደምን የሚያደርቅ የቆየ ሥርዓት አለ። እስር ቤት የማይሠራውን ሽማግሌ ሲሠራው አይቻለሁ። ግን አንድ ነገር አስቡ። ካሳው የሚከፈለው ከቡናው ነው። ቡናው የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ለቃሚው እስር ቤት ነው። እሸቱ ሳይለቀም ዛፉ ላይ ደርቆ ጀንፈል ሆነ፤ ግማሹ መሬት ረገፈ። ከመሬት የተለቀመ ቡና ዋጋው የታወቀ ነው። ወንድምየው በሐምሌ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ካሳውን በኅዳር ይከፍል ነበር። ካሳ ስላልከፈለ ቆየ፤ ስለቆየ ካሳ መክፈል አልቻለም። ተጎጂውም ገንዘቡን ያገኘው ዘግይቶ ነው። በዚህ መዘግየት የተጠቀመ ሰው ፈልጌ አጣሁ።

ቋንቋም አለ። በኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ነው፤ ተገቢም ነው። ግን ጉዳዩ ከሌላ ክልል ወይም ከፌዴራል ፍርድ ቤት የመጣ እስረኛ ወረቀቱ በአማርኛ ነው። መተርጎም አለበት። የሚተረጉመው ማን ነው? የሚከፍለውስ? ተራ ጥያቄ ትመስላለች። ግን ሰው አንድ ወር ተጨማሪ የሚታሰረው እንዲህ ባለች ጥያቄ ነው።

ሌላ መነገር ያለበት ነገር አለ፤ ይቅርታ። አመክሮና ይቅርታ በሰው አፍ ይቀላቀላሉ። አመክሮ የፍርድ ቤት ነው። ይቅርታ የአስፈጻሚው አካል ነው፤ በፌዴራል ደረጃ ፕሬዚዳንቱ ይሰጣል፣ በክልል ደግሞ ክልሉ። በየዓመቱ በእንቁጣጣሽ ሰሞን ብዙ እስረኛ በይቅርታ ሲለቀቅ በቴሌቪዥን እናያለን። ደስ ይላል፤ የእናቶቹን ፊት አይቶ የማይደሰት የለም። ግን ይህ ነገር አመክሮን ቀስ በቀስ ገፍቶ ከመንገድ አውጥቶታል ብዬ አምናለሁ። እስረኛው ቀኑ በሐምሌ ቢደርስም «ለመስከረም ይቅርታ ትገባለህ» ይባላል። ይጠብቃል። ስም ዝርዝሩ ሲነበብ የለበትም። ከዚያ አመክሮው እንደገና ከዜሮ ይጀመራል። ወንድምየው የደረሰበት ይኸው ነው። መስከረም ላይ የነበሩት መስመሮች ካላንደሩ ላይ ወፍራም ናቸው፤ እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊቀድ ምንም አልቀረው።

ለይቅርታ መጸጸትን መግለጽ ይጠበቃል፤ የሚሰጠውም በደግነት ነው። አመክሮ ግን ደግነት አይደለም። ራስህን አሻሽል፣ ሥራ፣ ካስ፣ እኛም በጊዜው እናይሃለን የሚል ውል ነው። ውሉን እስረኛው ከፈጸመ፣ ሌላው ወገን ቢያንስ በቀኑ መገኘት አለበት።

በአገር ደረጃ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ምሳሌ አለ። ጋዜጠኛ ተመስገን ደሳለኝ በጥቅምት 2007 በ«ፍትሕ» ጋዜጣ በታተሙ ጽሑፎች ምክንያት 3 ዓመት ተፈረደበት። ሁለት ሦስተኛው ያለቀው ጥቅምት 2009 ላይ ነው። የወጣው ግን በጥቅምት 2010 ነው፤ 3 ዓመቱን ድፍን ጨርሶ። አመክሮ አላገኘም። ስለ ፖለቲካው እዚህ አልገባም። የምለው ይህን ነው፤ የታወቀ ሰው ስለሆነ ያቺ አንድ ዓመት ተጻፈች፣ ተቆጠረች። የአጋሮ ገበሬን 182 ቀን የቆጠረው ግን የእህቱ ካላንደር ብቻ ነው።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ሌላው አገር የሄደበትን ማየት ይጠቅማል።

በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት ዳኛ ሲፈርድ ብዙውን ጊዜ ሁለት ቁጥር ይሰጣል፤ ዝቅተኛና ከፍተኛ። ለምሳሌ «ከ5 እስከ 15 ዓመት»። 5ቱ ሳያልቅ መውጣት የለም። 5ቱ ሲያልቅ ደግሞ መውጣት ግዴታ አይደለም፤ የአመክሮ ቦርድ አለ፣ ቦርዱ ይወስናል። እዚያም ቤተሰብ የሚይዘው የመጀመሪያውን ቁጥር ነው። እዚያም ከዝቅተኛው በኋላ ዓመታት የሚቆዩ አሉ። ለረጅም ጊዜ ቅሬታው «ቦርዱ ያለ በቂ ምክንያት ያቆያል» የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ሕግ ወጣ። እስረኛው በተቀመጠው መመዘኛ የመውጣት ዕድሉ ከፍተኛ ነው ከተባለ፣ ቦርዱ ሊያስቀረው የሚችለው በሕጉ ውስጥ በተዘረዘሩ ተጨባጭና ጠንካራ ምክንያቶች ብቻ ነው። ፊቱ አላማረኝም፣ ወንጀሉ ከባድ ነበር ብሎ መድገም አይበቃም፤ ለወንጀሉ ክብደት ዳኛው አስቀድሞ ፈርዶበታልና።

የእንግሊዙ ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ እዚያ አንድ ዓይነት ቅጣት ነበር። ዳኛው ዝቅተኛውን ጊዜ ብቻ ይናገራል፤ መጨረሻው አይታወቅም። እስረኛው የሚወጣው ለሕዝብ አደገኛ አለመሆኑን ለአመክሮ ቦርድ ሲያሳይ ነው። ከ8,000 በላይ ሰው ተፈረደበት። ዝቅተኛው ጊዜ አንዳንዴ ከዓመት ያነሰ ነበር። አደገኛ አለመሆንን ለማሳየት የሚወሰዱ ሥልጠናዎች ነበሩ፤ ቁጣን መቆጣጠር፣ ከሱስ መውጣት የመሳሰሉት። ግን ሥልጠናው በሁሉም እስር ቤት አልነበረም፤ ባለበትም ወረፋው ረጅም ነው። ሰዎቹ ሠልጥናችሁ አሳዩን ይባላሉ፤ ማሠልጠኛው የለም።

ሦስት እስረኞች እስከ ስትራስቡርግ፣ እስከ አውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ተከራከሩ። የአንዱ ዝቅተኛ ጊዜ 9 ወር ብቻ ነበር። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2012 ፈረደላቸው። መሻሻላቸውን የሚያሳዩበት ሥልጠና ሳይሰጣቸው፣ ከዝቅተኛው ጊዜ በኋላ የታሰሩበት ጊዜ ከሕግ ውጭ ነው አለ። ቅጣቱም በዚያው ዓመት ተሻረ። አዲስ ሰው እንዳይፈረድበት ተባለ እንጂ አስቀድሞ የተፈረደባቸውን ግን አላወጣቸውም። ብዙዎቹ ከዚያም በኋላ ዓመታት ቆይተዋል።

የዚህ ፍርድ ቁም ነገር ለእኔ ግልጽ ነው። መንግሥት አንድን ሰው «ተሻሽለህ አሳየኝ» ካለው፣ የሚያሳይበትን መንገድ መስጠት አለበት። የእኛም አንቀጽ 202 መሻሻልን በሥራ አሳይ ይላል። ሥራው አለ? ሽመና፣ እንጨት ሥራ፣ ብሎኬት፣ ትምህርት ያለበት ማረሚያ ቤት አለ። ቦታው ግን ለሁሉም አይበቃም።

ወንድምየው ዕድለኛ ነበር፤ እንጨት ሥራ ገባ። እትዬ ጋ ቡና ስጠጣ የምቀመጥበት በርጩማ የእሱ ሥራ ነው። ባለ ሦስት እግር፣ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ፣ የጅማ ሰው በደንብ የሚያውቀው ዓይነት። መቀመጫው ላይ ከዳር ዳር ስስ የሐረግ ቅርጽ አለ። አንዱ ቅጠል ላይ መሮው ስቶታል፤ ጫፏ ተነቅላለች። እህቱ ያቺን ቅጠል በጣቷ እየዳበሰች «ይቺን የሠራት በመጀመሪያው ዓመት ነው» አለችኝ። ከዚያ ከጓዳ ሌላ አወጣች። ያኛው እንከን የለውም። «ይቺ የአራተኛው ዓመት።» ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። ሕጉ በሥራ የታየ መሻሻል ሲል ከዚህ የተለየ ምን እንደሚፈልግ አላውቅም። እነዚህን በርጩማዎች ያየ ዳኛ ግን አልነበረም፤ ጥር እስኪገባ።

ከሌላው ወገንም ልናገር። የተጎዳው ሰውዬ ቤተሰብ አለው። አመክሮ ሲባል «ገና ምኑ ታሰረና» የሚል ሰው ጅማም ውስጥ ሞልቷል፤ አልፈርድበትም። ባሏ የተገደለባት ሴት ገዳዩ ከጊዜው በፊት ወጥቶ ገበያ ላይ ድንገት ሲገጥማት ምን እንደሚሰማት ማሰብ አያቅትም። ደግሞም በአመክሮ የወጣን ሰው የሚከታተል፣ ቤቱ ሄዶ የሚያይ፣ ሥራ የሚያፈላልግለት ባለሙያ እኛ ጋ በበቂ አልተዘረጋም። ዳኞች የሚያመነቱበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። ወጥቶ ቢያጠፋ ማን ያየዋል?

ግን ይህ ሁሉ ጉዳዩ በጊዜው ዳኛ ፊት ይቅረብ የሚል ምክንያት ነው እንጂ ፋይሉ መሳቢያ ውስጥ ይቆይ የሚል ምክንያት አይደለም። ተጎጂዋ የሚሰማት ፍርሃት በችሎት ይነገር። ዳኛው ሰምቶ «አይወጣም» ይበል። ምክንያቱ ይጻፍ። እስረኛውም ምን እንደጎደለው ይወቅ፤ ተመልሶ የሚታይበት ቀን ይነገረው። ፋይል ሲጠፋ ግን ለተጎጂዋም የሚጠቅማት ነገር የለም። በዝምታ የቆየው ሰው በዝምታ ይወጣል፤ እሷም የምትሰማው ከጎረቤት ነው።

የሚያስፈልገው ትልቅ ማሻሻያ አይደለም። ገና የፍርዱ ግልባጭ ማረሚያ ቤት በገባ ዕለት ሁለት ሦስተኛው የሚያልቅበት ቀን ተሰልቶ ይጻፍ፤ ለእስረኛውም ይሰጠው። እህቱ በካላንደር ያደረገችውን መዝገብ ቤቱ በፋይል ያድርገው። ያ ቀን ሦስት ወር ሲቀረው ወረቀቱ መሰብሰብ ይጀመር፤ ግልባጩ፣ የጠባይ መግለጫው፣ የካሳው ነገር፣ ትርጉሙ። እስረኛ ሲዛወር ፋይሉ በኋላ ይላካል መባሉ ይቅር፤ አብሮት ይሂድ። የነሐሴና የመስከረም ተረኛ ችሎትም ቀኑ የደረሰ አመክሮን እንደ አስቸኳይ ይየው፤ ሰው የታሰረበት ጉዳይ አስቸኳይ ካልሆነ ሌላ ምን አስቸኳይ አለ?

ከሁሉም በላይ ግን ይቆጠር። በየማረሚያ ቤቱ ስንት ሰው ቀኑ አልፎታል? በስንት ቀን? ስንቱ በዳኛ ተከልክሎ፣ ስንቱ ወረቀት እየጠበቀ? ይህ ቁጥር በየሩብ ዓመቱ ቢለጠፍ ብዙ ነገር በራሱ ይስተካከላል ብዬ አምናለሁ። የቡና ገበያ ዋጋ በየቀኑ የሚለጠፍበት ከተማ ውስጥ ነው የምኖረው። አንድ ኪሎ ጀንፈል ስንት እንደዋለ ሁሉም ያውቃል።

እስከዚያው ድረስ ቤተሰብ ማድረግ የሚችለው አለ፤ ቅድም እመለስባታለሁ ያልኳት ነገር ናት። ማረሚያ ቤቱ እስኪጽፍ መጠበቅ ግዴታ አይደለም። እስረኛው ራሱ ለፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። ይግባኝ ከነበረ የመጨረሻው ውሳኔ ግልባጭ ይያዝ። ካሳ ከተከፈለ ደረሰኙ፣ ካልተከፈለም አቅም ያጣበት ምክንያትና እስከዛሬ የከፈለው ይገለጽ፤ ሕጉ ከአቅም በላይ አይጠይቅም። ጠበቃ መቅጠር ለማይችል የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። እትዬ ይህን ሁሉ ያወቀችው በኅዳር ነው። አምስተኛው ወር ላይ። ማመልከቻው ገብቶ እስኪወጣ ሁለት ወር እንኳ አልፈጀም።

ባለፈው ሳምንት ቡና ልጠጣ ስሄድ ከእኔ የቀደመች ሌላ ሴት አጠገቧ ተቀምጣ አገኘኋት። ወጣት ናት፤ ልጅ አዝላለች። እንከን የሌለባትን በርጩማ ለእሷ ሰጥታታለች። ሁለቱም የዘንድሮ ካላንደር ላይ አጎንብሰዋል።

«የተያዘው መቼ ነው ያልሽኝ?» አለቻት እትዬ።

«ካቻምና ግንቦት 3።»

«የተፈረደበትስ?»

«3 ዓመት።»

እትዬ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቆጠረች። ጀበናው ገነፈለ፤ ዞር ብላ አላየችውም። ግንቦት 3ን በቀይ ከበበችው። ከዚያ ገጾቹን ወደ ኋላ ገለጠችና የካቲት 3 ላይ ሌላ ክብ አደረገች።

«ማመልከቻውን እዚህ ጋ ነው የምታስገቢው» አለቻት። «ግንቦትን አትጠብቂ።»